የወይዘሮ ታቢታ ቤት ጨረታ

በአዋሳ ከተማ ለእናቱ ቤት እድሳት ጨረታ ያወጣ ሰው ከማቴዎስ ሽበሺ በፊት አልነበረም። ከእሱ በኋላም የሚኖር አይመስልም። ወሬው በሰፈሩ ሲነሳ የሚስቁ አሉ፤ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ይቆረጣል፤ መጨረሻውን ያውቁታልና።

ቤቱ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ሁለት አጥር ገባ ብሎ የቆመ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ። አባቱ አቶ ሽበሺ በቡሹሎ ጤና ጣቢያ ጸሐፊ ሳሉ፣ ከተማይቱ ገና ከጫካ ስትመነጠር ያሠሩት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ያለ እድሳት ቆይቶ አሁን የምሥራቁ ግድግዳ ሆዱን ወደ ውጭ ገፍቷል። ምስጥ ገብቶበታል። ዝናብ በጣለ ማግስት ከሥሩ ውኃ ይመጥጥና ትኩሳት እንደያዘው ሰው ያልበዋል፤ ሽታው ቤቱን በሙሉ ይሞላዋል።

ወይዘሮ ታቢታ ደግሞ ደረታቸውን ካመማቸው ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ሊያልቅ ሲል ሊያይዋቸው የመጣችው ነርስ ደረታቸውን አዳምጣ ስታበቃ ማቴዎስን ወደ ደጅ ጠራችውና፣ «ይህን እርጥበት ይዘው ክረምት ከገቡ፣ ክረምቱን አይወጡትም» አለችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። የወይዘሮ ታቢታ ጆሮ ግን አልታመመም።

«ሰማኋት» አሉት ሲመለስ። «ግድግዳውን አሠራልኝ። ሞትም ከመጣ ይምጣ፤ ግን ቤቴ ሆኜ ይምጣ። በሰው ቤት አልሞትም።»

«ስለ ሞት ማን አወራ እማዬ?»

«ነርሷ ነቻ። ኩማን ጥራልኝ። ቤቱን የሚያውቀው እሱ ነው።»

«እናያለን» አለ ማቴዎስ።

ጋሽ ኩማ ያንን ቤት ማገር በማገር ያቆሙት ሰው ናቸው። የአቶ ሽበሺ የልብ ወዳጅም ነበሩ፤ ሁለቱ ከወላይታ በአንድ የጭነት መኪና፣ በማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው አዋሳ የገቡት። ማቴዎስ በልጅነቱ ሐይቁን መጀመሪያ ያየው በጋሽ ኩማ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ፊታቸውን ማየት አልሆንልህ ብሎታል።

ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ዘጠኝ ዓመት ቡልጋሪያ ኖሮ፣ የሕንፃ መሐንዲስ ሆኖ ሲመለስ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው የተቀበሉት ሁሉ ሳሙት፣ ሳቁለት። አባቱን ሲጠይቅ፣ «ለዘመድ ጉዳይ ሶዶ ሄዷል» አሉት። አብልተው አስተኙት። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ገቡ። ከፊት የቆሙት ጋሽ ኩማ ነበሩ። «ልጄ» አሉ፤ «አባትህ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው።»

በእነዚያ ሦስት ዓመታት ከአባቱ ደብዳቤ ሲደርሰው ነበር። «ዓይኔ ስለ ደከመ በሌላ እጅ አስጽፌያለሁ» እያለ ይጀምራል። ባዕድ አገር ብቻውን ላለ ልጅ መርዶ አይላክም፤ ደግፎ የሚይዘው ሰው በሌለበት አይረዳም። ማቴዎስ ይህን ልማድ ያውቃል፤ እዚሁ ነው ያደገው። ማወቁ ግን አላጽናናውም። ከዚያች ጠዋት ወዲህ የአባቱን ሞት ባሰበ ቁጥር የሚመጣበት የአባቱ ፊት ሳይሆን የጋሽ ኩማ አፍ ነው። ያ አፍ ተከፍቶ ሲናገር፣ ከንፈሩ ላይ የነበረው መሰንጠቅ ሳይቀር ይታየዋል። ታዲያ ያንን ሰው በየማለዳው ቤቱ ቆሞ ሊያገኘው ነው?

ስለዚህ ጨረታ አወጣ።

በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም ነገር በጨረታና በኮሚቴ ነው፤ እርሳስ እንኳ ያለ ሦስት ፊርማ አይገዛም። በምሳ ሰዓት የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ አንድ ገጽ መታ፦ የሥራው ዓይነት፣ የሚፈጀው ቀን፣ ዕቃው፣ ዋጋው፣ የባለሙያው ልምድ። ከታች «በታሸገ ፖስታ» የሚል ጨመረበት። ለነፍሱ፣ «ይህ ፍርድ ነው፤ አድልዎ የለበትም» አላት። ነፍሱ ዝም አለችው።

አንዱን ቅጂ ፒያሳ ቡና ቤት ውስጥ ለገብረጻድቅ ሰጠው። ገብረጻድቅ ዲላ ውስጥ ከአንድ ጣልያን ግንበኛ ሥር ያደገ፣ በብሎኬትና በሲሚንቶ ሥራ ስሙ የተጠራ ሰው ነው። ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰና ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ኢንጅነር፣ ይሄ የእናትህ ቤት ነው ወይስ ስኳር ፋብሪካ?»

«ሥርዓት ነው ገብረጻድቅ።»

«ሥርዓቱስ ጥሩ ነው። አሸናፊው በሬዲዮ ይነገራል?»

እየሳቀ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ በጥሩ እጅ ጽሕፈት የተሞላ ሰነድ አመጣ።

ሁለተኛውን ቅጂ ቡሹሎ ድረስ ይዞ ሄደ። ጋሽ ኩማ ከእንሰቱ መሐል ዶማቸውን ይዘው ወጡ፤ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉ። ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ፊደል በፊደል ሄዱበት። ማቴዎስ ከንፈራቸውን ላለማየት ወደ ሐይቁ ዞረ።

«ተወዳደር ነው የሚለው?»

«አዎ ጋሽ ኩማ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሌላ ባለሙያ ጋር።»

«ታሽጎ ይላል። ከማን ተደብቆ ነው የሚታሸገው? ከታቢታ?»

«ማንም ማንንም እንዳይጠረጥር ብለን ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን እንደገና አዩት። ማቴዎስ ማን እንደ ተጠረጠረ የሚጠይቁት መስሎት ነበር። አልጠየቁም።

«እሺ» አሉ። «ካልክ እጽፋለሁ።»

ፖስታዎቹ ቅዳሜ ጠዋት በወይዘሮ ታቢታ አልጋ አጠገብ ተከፈቱ። እኔ በሌለሁበት አይከፈትም ብለው ነው። ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ተቀመጡና ዙሪያውን ቃኙ።

«ኮሚቴው ተሟልቷል» አሉ። «ሰብሳቢው አንተ፣ አባሏ እኔ፤ ታዛቢዋ ደግሞ ያቻት፣ ደፉ ላይ ቆማለች።» ደፉ ላይ የቆመችው ዶሮ ነበረች። ሳቃቸው ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስኪበርድ ማቴዎስ ውኃ ይዞ ቆመ።

የገብረጻድቅ ሰነድ ሦስት ገጽ ነበር። የአራቱም ግድግዳ ጭቃ ይራገፋል፤ በቦታው ብሎኬት ይገባል፤ በሲሚንቶ ይለሰናል። አርባ ቀን። የሲሚንቶ ኮታውን ራሱ ያስፈቅዳል፤ ሰው አለው።

የጋሽ ኩማ ከደብተር የተቀደደ አንድ ቅጠል ነበር። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን እዚህም እዚያም ወግቶታል። ማቴዎስ ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ለማቴዎስ ሽበሺ። ቤቱን አውቀዋለሁ። የተበላው የምሥራቁ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ከጉልበት በታች ነው። ሌላው ቋሚ ጥድ ነው፤ ምስጥ አይደፍረውም። ለምሥራቁ ጥድ ስላነሰን ባሕር ዛፍ አስገባንበት፤ ያኔም ለአባትህ ነግሬዋለሁ። ሌላው አይነካ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ሁለት ሳምንት ይቡካ፤ ከዚያ ይመረግ፤ ግንቦት ሳይጋመስ ይደርቃል። ታቢታ ከቤት አትውጣ። አልጋዋን ወደ ምዕራቡ ክፍል አዙሩላት። እኔ በጠዋት እመጣለሁ። ኩማ።»

«በል እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ታቢታ። «አለቀ።»

«ዋጋ የለውም እማዬ።»

«ምን የለውም?»

«ዋጋ አልሞላም። ዋጋ ያልተሞላበት ሰነድ ውድቅ ነው።»

እናቱ አዩት። የሚያዩት እንደ ልጃቸው አልነበረም፤ ቤት ተሳስቶ እንደ ገባ እንግዳ ነበር።

«ኩማ ለሽበሺ ቤት ዋጋ ጽፎ ይልካል ብለህ ነው?»

ማቴዎስ ማስረዳት ጀመረ። ነጥብ ሰጥቶ ነበር፤ ከመቶ። ስለ ዕድሜ ተናገረ፣ ስለ መሣሪያ ተናገረ። ጭቃ በየጥቂት ዓመቱ እንደሚፈርስ፣ ብሎኬት ግን ሃምሳ ዓመት እንደሚቆም ነገራቸው።

«ሃምሳ ዓመት ለእኔ ምን ያደርግልኛል ማቲዬ?»

ማቴዎስ ሁለቱን ሰነዶች አጥፎ ወደየፖስታቸው መለሳቸው። ዋጋው ተሞልቶ ቢሆን ሌላ ጉድለት ይፈልግ እንደነበር ያውቃል፤ ይህን ግን በወረቀቱ ላይ የሚያሰፍርበት መስመር አላዘጋጀም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «የተማርከው አንተ ነህ።» ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ወይዘሮ ታቢታ ከቤታቸው ወጡ። ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጠው ጠሀ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቀላቸው። ጠሀ ገና ተሸክሞ እየዞረ ሲሸጥ ወይዘሮ ታቢታ ዕቃውን ቤታቸው ያሳድሩለት ነበር። «ኪራይ የሚሉ ከሆነ ቁልፉን ሐይቅ ውስጥ እጥለዋለሁ» አለ። ክፍሏ ደረቅ ናት፤ አቡጀዲ በጥቅል በጥቅል እስከ ጣሪያው ተደርድሮባታል። ወይዘሮ ታቢታ አመስግነው ገቡና፣ «አርባ ቀን ነው» አሉት፤ «አርባ ቀን ብቻ።»

ገብረጻድቅና ሠራተኞቹ ሥራ በጀመሩ በአምስተኛው ቀን ጭቃውን አራግፈው ጨረሱ። ቤቱ ሥጋው ተገፎ አጥንቱ ቆሞ ቀረ፤ ቆርቆሮው ብቻ ከላይ አለ። ማቴዎስ ከሥራ ሲወጣ ገብረጻድቅ መጥረቢያ ይዞ ጠበቀው።

«ና እስኪ ኢንጅነር፣ ይህን ስማ።» የምዕራቡን ቋሚ በመጥረቢያው ጀርባ መታው። እንደ ደወል ጮኸ። ሰሜኑን መታው፤ ደቡቡንም መታው። ከዚያ ወደ ምሥራቁ ሄዶ አንዱን ቋሚ ከጉልበት በታች በጫማው ጫፍ ነካ ቢያደርገው እንደ ቆሎ ረገፈ። «ይሄው ነው የተበላው። ሌላው ብረት ነው፤ ቱምቢ ጥዬ አየሁት፣ አንድ ጣት አላጋደለም። ማን ነው ያቆመው?»

«አንድ ሽማግሌ ነው። ቡሹሎ ነው ያለው።»

«ተወዳዳሪዬ እሱ ነበር?» ገብረጻድቅ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ምነው ሳትነግረኝ? ቤቱን ሠርቶ ያቆመው ሰው እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ እመለስ ነበር።»

«አሁን ምን ይሁን?»

«አሁንማ አፍርሰነው! ብሎኬቱ ይገባል። ሲሚንቶው ሰኞ ይመጣል።»

ሰኞ አልመጣም፤ በቀጣዩም ሰኞ አልመጣም። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በመስከረም ስለሚከበር፣ ፓርቲውም ስለሚመሠረት፣ የአገሩ ሲሚንቶ ሁሉ ወደ ሐውልትና ወደ አዳራሽ ይሄድ ጀመር። የቀበሌዋ ጸሐፊ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ማመልከቻውን አንብባ መለሰችለት።

«ጓድ ማቴዎስ፣ እስከ መስከረም ለግለሰብ አንድ ከረጢት አይወጣም። አንተ ደግሞ ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። የበዓሉን የክብር ትሪቡን ንድፍ የሠራው እሱ ነው፤ ለትሪቡኑ የሚሆነውን ሲሚንቶ በየሳምንቱ ቆጥሮ የሚረከበውም እሱ ነው። ከረጢቶቹ በፊቱ ይራገፋሉ፤ አቧራው ጫማው ላይ ያርፋል። በግንቦት መጀመሪያ ገብረጻድቅም መጣና ባርኔጣውን አወለቀ። «ኢንጅነር፣ እኔንም ለትሪቡኑ ወሰዱኝ። እምቢ አይባል ነገር። ይቅር በለኝ።» ከዚያ በኋላ በየቀኑ እዚያው ትሪቡን ሥር ይተያያሉ፤ ስለ ቤቱ ግን አያወሩም።

ከሥራ መልስ ወደ ጠሀ ሱቅ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ጋሽ ኩማን ከእናቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። በወላይትኛ ሲያወሩ ይቆዩና እሱ ሲገባ ዝም ይላሉ። ሽማግሌው ተነሥተው፣ «ደህና ዋልክ ልጄ?» ብለው ይወጣሉ። አንድም ቀን ስለ ቤቱ አላነሱም። ሲወጡ ወይዘሮ ታቢታ ያቺኑ ቃል ይደግሟታል።

«ኩማን ጠይቀው። አንተ ሳትጠይቀው አይነካውም፤ ተወዳድሮ ተሸንፏል።»

«ሲሚንቶው በዚህ ሳምንት ይፈቀዳል እማዬ።»

«አርባው ቀን አለቀ እኮ።»

«በዚህ ሳምንት።»

ዝናቡ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ገብቶ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ እናቱ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። አንድ እሑድ የአባቱን ደብዳቤዎች አምጥቶ እንዲያነብላቸው ጠየቁት። ከቡልጋሪያ በሻንጣው ይዟቸው መጥቷል፤ የአባቱ የራሱ እጅ ያለባቸው አጫጭርና ደረቅ ናቸው፤ ልክ እንደ ቢሮ ማስታወሻ። ማቴዎስ የሚወዳቸው የመጨረሻዎቹን ነው። አንዱን አነሣና አነበበ።

«‘ሲጨንቅህ ውጣና ውኃ ያለበት ቦታ ሂድ። ውኃው ምንም አይሠራልህም፤ ግን አጠገብህ ይቆያል...’»

ሶፊያ ሳለ ይህችን ቃል ይዞ በክረምት ብርድ የመናፈሻ ኩሬ ዳር ስንት ቀን ቆሟል።

«ይሄ ኩማ ነው» አሉ ወይዘሮ ታቢታ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ምኑ?»

«ቃሉ። ጽሕፈቱ የልጁ የሮማን ነው። ቃሉ የኩማ ነው። እኔ ለአንተ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነበር፤ ልናገር ስል እንባ ነው የሚቀድመኝ። እሱ በየሁለት ወሩ ከቡሹሎ እየመጣ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ‘ሽበሺ ቢኖር ምን ይለው ነበር?’ እያለ ሲያስጽፋት ያመሻል። ሽበሺ እንኳ እንዲህ አይልም ነበር።» ፈገግ አሉ። «ስትመጣ ደግሞ፣ ማን ይንገረው ሲባል ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ኩማ፣ ‘ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልጨርሰው’ አለ።»

ማቴዎስ ወረቀቱን ይዞ ቀረ። ሱቁ ውስጥ ጠሀ ጨርቅ ሲቀድ ይሰማል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤት አስፈቅዶ ቡሹሎ ሄደ። መንገዱ ጭቃ ነበር። ከእንሰቱ ማሳ መቶ እርምጃ ሲቀረው ጋሽ ኩማን አያቸው፤ ጎንበስ ብለው ቦይ ይቆፍራሉ። ቆመ። ምን ብሎ እንደሚጀምር አሰበ። ይቅርታ ለየትኛው? ለፖስታው? ለፊታቸው ስለ መሸሹ? ቢጠይቃቸውስ አሁን ምን ዋጋ አለው፤ በሰኔ የተመረገ ጭቃ መቼ ይደርቅና? ይህች የመጨረሻዋ የመሐንዲስ ምክንያት ነበረች፤ ደስም አላለችው፣ ግን ያዛት። ነገ፣ አለ። ዞሮ ተመለሰ።

ወይዘሮ ታቢታ በሰኔ ሃያ አንድ፣ ረፋድ ላይ አረፉ። ማቴዎስ ትሪቡኑ ላይ ሜትር ዘርግቶ ነበር። ጠሀ ሱቁን ክፍት ትቶ በሩጫ መጣ፤ ጫማው በአንድ እግሩ ብቻ ነበር።

«‘ዝናቡ ቆመ?’ አሉኝ» አለ ጠሀ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ። «‘ቆሟል እማማ’ አልኳቸው። ‘እንግዲያ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ’ አሉ። እሺ ብዬ ጫማቸውን ከአልጋው ሥር ላወጣ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል...» የመግነዣውን አቡጀዲ ከጥቅሉ ቀዶ የሰጠው ራሱ ነበር።

የሚያመልኩበት ጸሎት ቤት በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ መዝሙሩን በመቃብሩ ዙሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩት። ጋሽ ኩማ ቃሬዛውን ከፊት ተሸክመው ነበር፤ ሌሎች ሲቀያየሩ እሳቸው አልተቀየሩም። ሲሰናበቱት፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብቻ አሉት።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ማቴዎስ ቡሹሎ ሄደ። ያን ቀን አልቆመም፤ በአጥሩ በር አልፎ ገባ። ጋሽ ኩማ ደጃፋቸው ላይ፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር፣ የሰው በር እየላጉ ነበር። በርጩማ ገፋ አደረጉለት። መላጊያውን ግን አላስቀመጡም።

«ጋሽ ኩማ፣ ቤቱን እንዲሠሩልኝ ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

«ለማን?»

«እንዴት ለማን?»

«ማን ይኖርበታል ነው የምልህ።»

ማቴዎስ «እኔ» ሊል አፉን ከፈተ። በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሶፊያ የሚመልሰው ቅጽ አለ፤ ተሞልቷል፤ የቀረው ፊርማ ነው። ይፈርም አይፈርም አራት ወር ሙሉ አላወቀም። አፉን መልሶ ዘጋው።

ሽማግሌው የእንጨቱን ፍቅፋቂ በእጃቸው ጠረጉ። «እሳት የማይነድበትን ቤት ምስጥ ነው የሚወርሰው። ጥዱ እንኳ ቢሆን አንድ ቀን ይደክመዋል። ዝም ብዬ ጭቃ ልለጥፍበት?»

«ይቅርታም ልጠይቅዎት ነው።»

«ለእሱ ቀደም ብለህ መጥተህ ነበር።» አሁን ቀና ብለው አዩት። «በሰኔ። መንገዱ ላይ ቆመህ አየሁህ። ሊጠራኝ ነው ብዬ ዶማውን አስቀመጥኩ፤ እጄንም ታጠብኩ። ዞረህ ሄድክ።»

ማቴዎስ መሬት መሬቱን አየ። «ያኔ ብጠራዎትስ... ጭቃው ይደርቅ ነበር?»

«በሰኔ? በሰኔ ጭቃ የት ይደርቃል!»

«እንግዲያ ምን...»

«ሸራ እንጋርድላት ነበራ። ጣሪያው አለ፤ ምሰሶው አለ። ዙሪያውን ሸራ ወጥረን፣ ደረቁን ቦታ መርጠን እናስተኛት ነበር። ቤቷ ነው። ሌላ ምን ጠየቀችህ?»

ማቴዎስ ይህን አንድም ቀን አላሰበውም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሲሚንቶ አስቧል፣ ብሎኬት አስቧል፣ ጭቃ እንኳ አስቧል። ሁሉንም ከእነ ድርቀቱና ከእነ ብርታቱ አስልቶታል። እናቱ ያለ ግድግዳ ቤታቸው መግባት ይችሉ እንደነበር ግን አልታየውም። ከሥራ ቦታው ጥግ ስንት ሸራ ተጠቅልሎ እንደ ተቀመጠ ትዝ አለው።

ሲያለቅስ ጋሽ ኩማ አላባበሉትም፤ ተነሥተውም አልሄዱም። መላጊያቸውን ይዘው ጠበቁት።

«መኖርህን ስታውቅ ና» አሉት ሲሸኙት። «በመስከረም ጭቃው ይደርቃል። ጭዱን እኔ አቆይልሃለሁ፤ ካልመጣህም ለሌላ ሰው ይሆናል።»

ወደ ከተማ ሲመለስ ዝናቡ ያዘው። አዲስ ከተማ ሲደርስ ልብሱ በስብሶ ከሰውነቱ ተጣብቆ ነበር። ቤቱ እንደ ነበረ ነው፤ ቆርቆሮው፣ ቋሚዎቹ፣ በመሐላቸው የሚያልፈው ንፋስ። የጎረቤት ፍየሎች ከዝናቡ ሸሽተው ገብተውበታል፤ አራት ናቸው፤ አንዷ የእናቱ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ ተኝታ ታመሰኳለች። በበሩ መቃን በኩል ገባ። በየትም በኩል መግባት ይችል ነበር።

«ሂጂ» አላት፤ ቀና ብላ አየችውና ማመስኳቷን ቀጠለች።

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ ድምፅ መጣ። «ማቴዎስ! አንተ ነህ? ፍየሎቹን ላስወጣልህ?»

ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ኃይለኛ ስለነበር መጮህ ነበረበት።

«ይቆዩ!» አለ።